ክለቡን ለማን እንስጥ? ለባለሀብት፣ ለፋብሪካ፣ ለከተማ አስተዳደር ወይስ ለአባላት

ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሆጤ ሜዳን ሲሸፍን፣ ደሴ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንዲት ወሬ አለች፦ «አንድ ባለሀብት ክለቡን ሊይዘው ነው።» በሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትጠይቁም ያው ነው፤ የሰውየው ስም ይለወጣል እንጂ ወሬው አይለወጥም። ሰውየው የወሎ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተሳክቶለታል፤ ለአገሩ ልጆች አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። ቡናው በረካ እስኪደርስ ሁላችንም ቡድናችንን ፕሪምየር ሊግ ውስጥ አይተነዋል። እኔም ይህን ተስፋ ከልቤ እጋራለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ያ ተስፋ አንድ ጊዜ እጄ ላይ ስለሞተ ነው። የሰፈራችን ቡድን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ነጋዴ ለሦስት ዓመት ሁሉን ነገር ቻለልን፤ ማልያውን፣ ጫማውን፣ ወደ ሐይቅና ወደ ኮምቦልቻ የምንሄድበትን መኪና፣ የልጆቹን የኪስ ገንዘብ ሳይቀር። ከዚያ ንግዱ ተበላሸ፤ ስልኩም መነሳት አቆመ። አልፈርድበትም፣ ሰው ይወድቃል። ነገር ግን ልጆቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት ያልተከፈለ የሁለት ወር ሒሳብ ነበረብን። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው እናት፣ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። «የሚከፍለው እኮ እሱ ነው» ስላቸው «ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንተን ነው። ሰውየውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ፈረሰ። አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው በረኛችን ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ቤቴ ድረስ አምጥቶ መለሰልኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ክለብ የምትመሩ፣ የደጋፊዎች ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ወይም አንድ ባለገንዘብ «ልያዘው» ያላችሁ ሰዎች አማራጮቹን ስታወዳድሩ «ማን የበለጠ ይሰጣል?» ከሚለው አትነሱ። የሰጠው ሰው ያቆመ ዕለት ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ሰው የማንን በር ያንኳኳል? ከዚያ ተነሱ።

የምታወዳድሩበት ሚዛን

እኔ ማንኛውንም አማራጭ የምመዝነው በአራት ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ አክሲዮን? የሚገባውስ ደመወዝና ፊርማ ላይ ነው ወይስ ሜዳና ታዳጊ ላይ? ስሙ፣ ማልያውና የሜዳው ውል በማን እጅ ነው? የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፦ ሰጪው ዛሬ ቢያቆም ክለቡ በራሱ ገቢ ስንት ወር ይቆማል?

ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ላይ አስሉት። እንበልና ወርሃዊ ደመወዛችሁ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ከመግቢያ፣ ከአባላት መዋጮና ከማልያ ሽያጭ 200 ሺህ ታገኛላችሁ፤ 800 ሺውን ባለሀብቱ ይሸፍናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሰውየው ቢቀር በወር 800 ሺህ ይጎድለናል» ብሎ ያቆማል። ጉድለቱ ግን ከዚያ ይበልጣል። ተጫዋቾቹ የሁለት ዓመት ውል ፈርመው ከሆነና 18 ወር ከቀራቸው፣ የተሸከማችሁት 14 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ብር ነው። ሰውየው በአንድ ቀን ሊቆም ይችላል፤ ውሉ ግን በአንድ ቀን አይቆምም። ተጫዋቹ የፈረመው ከክለቡ ጋር ስለሆነ ለፌዴሬሽን የሚከሰውም ክለቡን ነው።

አንድ ባለሀብት ብቻውን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚመኘው ይህንን ነውና። (የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሁለት መንደሮች ላወዳድር። ሁለቱም ወደ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባቸው፣ ሁለቱም በአንድ ሀብታም የተወደዱ ናቸው። የመጀመሪያዋ ስኮትላንድ ውስጥ ያለችው ግሬትና ናት። ብሩክስ ማይልሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ክለቧን ያዘና ገንዘቡን ተጫዋች ላይ አፈሰሰው። ቡድኑ በ2005፣ በ2006 እና በ2007 በተከታታይ ሦስት ጊዜ አደገ። በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሃርትስ የተሸነፈው በመለያ ምት ነበር። ዋናው ሊግ ሲገባ ግን የራሱ ሜዳ ለደረጃው ስላልበቃ የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው ማዘርዌል ሜዳ ላይ ነበር። በ2008 መጀመሪያ ማይልሰን ታመመ፤ ገንዘቡም አብሮት ቆመ። ክለቡ በመጋቢት ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ የበጋው ወራት ሳያልፍም ጨርሶ ፈረሰ። ማይልሰን ራሱ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፈ።

ሁለተኛዋ ጀርመን ውስጥ ያለችው ሆፈንሃይም ናት። ኤስኤፒ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዲትማር ሆፕ በልጅነቱ ለዚህ ክለብ ተጫውቷል። ክለቡን መደገፍ የጀመረው ከ1990 ገደማ ጀምሮ ነው፤ ቡድኑ ቡንደስሊጋ የገባው በ2008 ነው። ግሬትና በሞተችበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። በመካከል ያሉት 18 ዓመታት የታዳጊ ማሠልጠኛ ተገንብቶባቸዋል፤ በ2009 ደግሞ 30 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ተከፈተ። ክለቡ ተጫዋች አሳድጎ መሸጥ ተማረ። ሮቤርቶ ፊርሚኖ ከብራዚል መጥቶ እዚያ ከበሰለ በኋላ ነው በ2015 ወደ ሊቨርፑል የተሸጠው። በ2023 ሆፕ የነበረውን የድምፅ ብልጫ በገዛ ፈቃዱ ለክለቡ አባላት መለሰ። የጀርመን ደጋፊዎች ሆፕን ለዓመታት አብዝተው ሰድበውታል፤ እኔ ግን ለደሴ አንድ ባለሀብት ምረጥ ብባል እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

ልዩነቱ ማን የበለጠ ሀብታም ነበር የሚለው አይደለም። የግሬትና ገንዘብ ገብቶ በየወሩ መጨረሻ የሚያልቅ ነበር። የሆፈንሃይም ገንዘብ ሜዳ ሆነ፣ ማሠልጠኛ ሆነ፣ የሚሸጥ ተጫዋች ሆነ።

የዳግስታኑን አንዢ ማካችካላን ታስታውሱ ይሆናል፤ ሳሙኤል ኤቶ በ2011 የሄደበት ክለብ ነው። ባለቤቱ ሱሌይማን ኬሪሞቭ በጥር 2011 ገዝቶት ኤቶን በዓለም ከፍተኛ ከሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱ አደረገው። በነሐሴ 2013 ሐሳቡን ቀይሮ በጀቱን ቆረጠ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኮከቦቹ ተሸጡ። ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን ወረደ፤ በ2022 ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ። ኬሪሞቭ ሐሳቡን የቀየረው ሀብታም እንደሆነ ነው። ሐሳብ መቀየርን የሚከለክል ውል ደግሞ አልነበረም።

ስለ ብድር ስናወራ ቼልሲን ማንሳት ግድ ነው፤ ደሴ ውስጥ የቼልሲ ደጋፊ ያልሆነ ቤት ቢኖር የአርሰናል ወይም የማንቼስተር ነው። ሮማን አብራሞቪች በ2003 ከገዛው በኋላ ያፈሰሰው ገንዘብ በመዝገብ ላይ በአብዛኛው ብድር ነበር፤ በመጨረሻ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። መጋቢት 2022 የእንግሊዝ መንግሥት ማዕቀብ ሲጥልበት ክለቡ በልዩ ፈቃድ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆነ፤ አዲስ ትኬት መሸጥ እንኳ ተከለከለ። አብራሞቪች ዕዳውን ሳይጠይቅ ክለቡ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ቼልሲ የተረፈው ለንደን ውስጥ ያለ፣ ስሙ የታወቀ፣ ገዢ የሚሰለፍለት ክለብ ስለሆነ ነው። የእኛን ክለብ ግን ዕዳ ተሸክሞ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ «ለጊዜው በብድር ይያዝልኝ» የሚል ባለሀብት ሲመጣ በጣም ተጠንቀቁ። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ቆይቶ ግን ክለቡን በዕዳ ይዞ ለመውሰድ ይበቃል።

ለፍትሕ ሲባል ተቃራኒውንም ልናገር። የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ በሞይስ ካቱምቢ ገንዘብ የቆመ ክለብ ነው፤ በ2009፣ በ2010 እና በ2015 የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኗል። ካቱምቢ በፖለቲካ ምክንያት ከ2016 እስከ 2019 ከአገሩ ውጭ ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ግን ማዜምቤ አልፈረሰም፤ በ2016 እና በ2017 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫን በተከታታይ አነሳ። የራሱ ስታዲየም፣ የራሱ ማሠልጠኛና ባለቤቱ ባይኖርም ሥራ የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ነበረው። የብራይተኑ ቶኒ ብሉምም በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር ወለድ አልባ ብድር ለክለቡ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ተጫዋች ፈልጎ የሚያገኝ ሥርዓት ገነባ። ሞይሰስ ካይሴዶን ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ገዝተው በ2023 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸጠውታል። እንዲህ ያለ ባለሀብት ራሱን ቀስ በቀስ አላስፈላጊ ያደርጋል፤ መጥቶ ሲያናግራችሁ የምትፈትኑትም በዚህ ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ አንተ ባትኖር ክለቡ በምን ይኖራል?» በሉት። መልስ ያለው ሰው ጥያቄውን አይቀየምም።

ፋብሪካ ወይም ድርጅት

ኮምቦልቻ ለዚህ አማራጭ የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ድርጅት ከግለሰብ የሚሻልበት ነገር ግልጽ ነው፤ በጀቱ በቦርድ ይጸድቃል፣ ኦዲት ይደረጋል፣ ድርጅት አይታመምም።

ድርጅት ግን ኳስን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። የጎንደሩ ዳሸን ቢራ በራሱ ስም ክለብ ነበረው፤ በ2008 ዓ.ም. ሲወርድ ክለቡ ተዘጋ። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ድጋፉን ለፋሲል ከነማ አደረገ፤ ፋሲል በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ይህን ልብ በሉት፦ ገንዘቡ የፋብሪካው፣ ክለቡ ግን የከተማው ሲሆን ነው ነገሩ የሠመረው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2009 ዓ.ም. ወርዶ የወንዶች ቡድኑን አፈረሰ፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቋመና በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ባንክ ዘግቶ መክፈት ይችላል፤ በመካከል ባሉት ዓመታት እድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾች ግን መልሰው ልጅ አይሆኑም።

ቻይና ውስጥ የባሰ ሆኗል። ጂያንግሱ የተባለው ክለብ በኅዳር 2020 ሊጉን አሸንፎ፣ አራት ወር ባልሞላ ጊዜ በየካቲት 2021 ሥራ አቆመ። ባለቤቱ ሱኒንግ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ድርጅት ገንዘብ አጥሮት ነበር።

የእኛን ታሪክ ደግሞ ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ማሽን ቆሟል፣ ሠራተኛ ቤቱ ቀርቷል። በዚያ ወር አንድ ሥራ አስኪያጅ ማሽን ከመጠገንና የኳስ ተጫዋች ደመወዝ ከመክፈል አንዱን ምረጥ ቢባል የሚመርጠውን እኔም እመርጣለሁ። ስለዚህ ፋብሪካን ባለቤት አድርጎ ከመያዝ ሁለትና ሦስት ፋብሪካዎችን ስፖንሰር አድርጎ መያዝ ይሻላል። አንዱ ሲነቀነቅ ሌላው ይይዛል።

ከተማ አስተዳደር

በአገራችን ብዙው ክለብ የሚኖረው በዚህ ነው፤ በአጭሩ ላልፈው አልችልም፣ አብዝቼም አልቆይበትም።

ጥሩ ጎኑ፣ ከተማ አይሸሽም። ደሴ ነገም እዚሁ ናት። ሜዳውም ቢሆን የከተማው ነው። መጥፎ ጎኑ፣ የኳስ በጀት ከውሃ፣ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር አንድ ወረፋ ላይ ይቆማል፤ መቆምም አለበት። ቧንቧው ለቀናት ደርቆ የሰነበተበት ነዋሪ ለአጥቂ ፊርማ ስንት እንደተከፈለ ሲሰማ ቢናደድ እውነት አለው። ከንቲባ ሲቀየር ደግሞ የክለቡ ቦርድ ይቀየራል፤ አዲሱ ቦርድ አሠልጣኝ ይቀይራል፤ አሠልጣኙ ተጫዋች ይቀይራል፤ እያንዳንዱ ለውጥ የውል ማፍረሻ ገንዘብ ይጠይቃል።

ይህ የገንዘብ ሩጫ መላ አገሪቱን አስጨንቆ ነው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት። የቴሌቪዥን ገንዘብስ? ዲኤስቲቪ ከፕሪምየር ሊጉ ጋር በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ዓመት ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ግን ለፕሪምየር ሊግ ክለቦች ነበር፤ ከዚያ በታች ያለ ክለብ «ስናድግ እንከፍላለን» ብሎ ዛሬ ቢበደር ላልያዘው ወንበር ኪራይ እየከፈለ ነው።

አባላት ብቻቸውን

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እድርና እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ክለብ በአባልነት መያዝ አይከብደውም። ፖርትስመዝ በ2008 የእንግሊዝ ዋንጫን ያነሳ ክለብ ነው፤ ባለቤት ከባለቤት ሲቀያየርበት በ2010 በሕግ አስተዳዳሪ እጅ የወደቀ የመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ክለብ ሆነ። በ2013 ያተረፉት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ እየተዋጡ ገዙት፣ ዕዳውን ከፍለው በ2017 ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለማይክል አይስነር ሸጡት።

አባላት መሆን ብቻውን ግን ከዕዳ አያድንም። ባርሴሎና የአባላት ክለብ ነው፤ በ2021 ዕዳው ከ1.3 ቢሊዮን ዩሮ በልጦ ሊዮኔል ሜሲን ማቆየት አቅቶታል። አባላቱ መርጠዋል፤ የተመረጡት ግን ከገቢያቸው በላይ ደመወዝ ፈርመዋል።

ለሰፈር ቡድንና ለታዳጊ ቡድን ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ማልያ፣ ኳስና መጓጓዣ ለመቶ አባል ከባድ አይደለም።

ድርሻውን መካፈል

እኔ ለደሴም ለኮምቦልቻም የምደግፈው ይህንን ነው። ምሳሌውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታንዛኒያ ውስጥ ሲምባና ያንጋ በአባላት የተያዙ አሮጌ ክለቦች ናቸው። ባለሀብት ሲመጣ የተሰጠው መልስ «49 በመቶ ውሰድ፣ 51ዱ የአባላት ነው» የሚል ሆነ። የሲምባው ባለሀብት መሐመድ ዴውጂ ለ49 በመቶው 20 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሽልንግ ለማስገባት ቃል ገባ። ጭቅጭቅ አልጠፋም፤ ስለ ገንዘቡ አገባብ አባላቱ በአደባባይ ተከራክረዋል። የሚከራከሩት ግን የመጠየቅ መብት ስላላቸው ነው። ጀርመኖችም ከ1998 ጀምሮ የያዙት ሕግ ይህንኑ ይመስላል፤ ለሆፕ እንደተሰጠው ያለ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር የድምፅ ብልጫው ከአባላት እጅ አይወጣም።

በእኛ አገር ሲታሰብ ባለሀብቱ እስከ 49፣ ከተማው በሜዳውና በትንሽ ድርሻ፣ የቀረው የአባላት ይሆናል። ዋናው ቁጥሩ አይደለም። ስሙን፣ ቀለሙንና ከተማውን የሚመለከት ማንኛውም ነገር ያለ አባላት ድምፅ እንዳይነካ መጻፉ ነው። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው፤ በኋላ መቀሌ ገብቶ ተጫውቶ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ከተማ የሚቀይር ክለብ ደጋፊውን ከኋላው ጥሎ ነው የሚሄደው።

ደካማ ጎኑን አልደብቅም፤ ይህ መንገድ ዘገምተኛ ነው። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ማደግ የለም። አንዳንድ ባለሀብትም 49 ሲባል ፊቱን ያዞራል።

የትኛውን ለማን

የሰፈር ቡድን ከሆናችሁ ባለቤት አትፈልጉ፤ አባላት ይበቋችኋል። በአገር አቀፍ ሊግ የምትጫወቱ ሆናችሁ ደመወዛችሁን ከተማው የሚከፍል ከሆነ፣ ከተማውን አታባርሩ፤ ይልቅ አባላትን መዝግቡና ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሁለቱን ሦስቱን በስፖንሰርነት አምጡ። የገቢያችሁ ሲሶ ከአንድ ሰው ኪስ ባልሆነ መንገድ መምጣት እስኪጀምር ድረስ የሁለት ዓመት ውል ባትፈርሙ እመክራለሁ።

ባለሀብት ከመጣላችሁ ደግሞ ደመወዝ ሳይሆን የሚቀር ነገር ጠይቁት። ጎረቤታችን ወልዲያን እዩ። ሼህ መሐመድ ሁሴን አላሙዲ ያስገነቡት፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ሼሁ ከጥቅምት 2010 እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታስረው ቆዩ። በዚያው በ2010 ዓ.ም. የወልዲያ ክለብ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ከዚህ ሁለት ነገር እማራለሁ። ስታዲየም ብቻውን ክለብን ሊግ ውስጥ አያቆይም፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ስጦታው በደመወዝ መልክ ቢሆን ኖሮ ሰጪው በማይገኙበት ወር ይቋረጥ ነበር፤ ሜዳው ግን የወልዲያ ልጆች ሆኖ ቀረ። ሰው ሠራሽ ሣር፣ የታዳጊዎች ማደሪያ፣ በክለቡ ስም የተመዘገበ አውቶቡስ፣ ኪራዩ ለክለቡ የሚገባ ጥቂት ሱቅ፤ የወሎ ልጅ ለአገሩ ማድረግ ከፈለገ እነዚህን ያድርግ።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚጻፉት

እኔ ያኔ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ እትዬን አላስቀይምም ነበር። አሁን የማውቀውን ልስጣችሁ።

ባለሀብቱ የሚሸፍነው ደመወዝ ለውድድር ዘመኑ በሙሉ ቀድሞ በተዘጋ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በየወሩ የሚወጣው በሁለት ፊርማ፣ አንዱ የአባላት ተወካይ ይሁን። የሚያስገባው ገንዘብ ወይ ስጦታ ወይ አክሲዮን ተብሎ ይጻፍ፤ ብድር የሚለው ቃል አይግባ። መውጣት ሲፈልግ የአንድ ሙሉ ዓመት ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ አዲስ የሁለት ዓመት ውል አይፈረም። ሲሞት ወይም ሲታመም ድርሻው ለማን እንደሚሄድ ይታወቅ። ብላክበርንን በ1995 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ያደረገው የብረት ነጋዴው ጃክ ዎከር በ2000 ሲሞት ቤተሰቡ የሚያስተዳድረው አደራ ትቶ ስለነበር ክለቡ በአንድ ቀን አልወደቀም፤ መንገዱን የሳተው በ2010 ለሌላ ገዢ ከተሸጠ በኋላ ነው።

የደመወዝ ጣሪያም ይኑር። የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋችና ለዝውውር የሚወጣውን ወጪ ከገቢ 90 በመቶ፣ ከዚያ 80፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ 70 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ያወረደው የክለቦችን ወጪ ለመቆጣጠር ነው። የእኛ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር መኖሩ ግን ግድ ነው፤ ስሌቱም የባለሀብቱን ስጦታ እንደ ገቢ ሳይቆጥር ይሠራ። ሒሳቡ በዓመት አንድ ጊዜ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ በአባላት ስብሰባ ይነበብ፤ ለምግብ ቤት፣ ለሆቴልና ለመኪና ያለው ዕዳ ሳይቀር።

ይህን ወረቀት ስታቀርቡለት «አላመናችሁኝም?» ሊል ይችላል። አምነንሃል፤ ግን ልጆቹ ቤት ኪራይ የሚከፍሉት በወር ነው በሉት። አልፈርምም ካለም አትጣሉት፤ ያገር ልጅ ነው፣ ነገ ይመለስ ይሆናል። ባለቤትነቱ ይቅርና ስፖንሰር ይሁን። የአንድ ዓመቱን ገንዘብ ሊጉ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ጊዜ ያስገባ፤ ስሙም ለዚያ ዓመት ማልያው ደረት ላይ ይጻፍ።